ለስኩል ቦርድ ልወዳደር ወይስ ለስቴቱ ምክር ቤት?

ከቨርጂኒያ፣ ከፌርፋክስ ካውንቲ የፍራንኮኒያ አካባቢ የጻፉልን አንዲት እናት ስማቸው እንዳይወጣ ጠይቀዋል። አሜሪካ ከገቡ 14 ዓመት፣ ዜግነት ከወሰዱ ደግሞ 6 ዓመት ሆኗቸዋል፤ በአንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ይሠራሉ፤ የሁለት ልጆች እናት ናቸው። ታላቁ ልጃቸው ለሦስት ዓመት በእንግሊዝኛ ቋንቋ ድጋፍ ክፍል ውስጥ መቆየቱን ያወቁት በአጋጣሚ፣ አንድ ቀን ቦርሳውን ሲያጸዱ ባገኙት የተጨማደደ ወረቀት ነው። ከዚያ ወዲህ በወላጆች ስብሰባ ላይ ለሌሎች እናቶች እያስተረጎሙ ተመሳሳይ ታሪክ ደጋግመው ሰምተዋል። «የዕድራችን ሽማግሌዎች ‹ለስቴቱ ምክር ቤት ተወዳደሪ፣ እኛ ከኋላሽ አለን› ይሉኛል፤ ባለቤቴም ‹ስኩል ቦርድ ትንሽ ነገር ነው፤ ከተነሣሽ አይቀር ትልቁን ሞክሪ› ይለኛል። እኔ ግን ተመርጬ አላውቅም፤ ገንዘብ የለኝም፤ እንግሊዝኛዬም አክሰንት አለው። ወንበሩን ለዓመታት የያዘ ሰው እያለ የእኔ መወዳደር ከንቱ ድካም አይሆንም ወይ?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

የተከበሩ እህቴ፣

መልሴን ሳላንዛዛ ላስቀድም፤ መወዳደር ያለብዎት ለትምህርት ቦርዱ ነው። ይህን የምለው ግን ቦርዱ ትንሽ ስለሆነና ለጀማሪ ስለሚቀል አይደለም፤ በዚህ ነገር ባለቤትዎም ሽማግሌዎቹም ተሳስተዋል። ሽማግሌዎቹ የሚሉት የስቴቱ ምክር ቤት፣ የቨርጂኒያ ሃውስ ኦፍ ዴሌጌትስ፣ 100 መቀመጫ አለው፤ በ2020 የሕዝብ ቆጠራ የስቴቱ ነዋሪ 8.6 ሚሊዮን ያህል ስለነበር ለአንድ ተወካይ የሚደርሰው 86 ሺህ ሰው ገደማ ነው። የፌርፋክስ ትምህርት ቦርድ ግን 12 አባላት ብቻ አሉት፤ ዘጠኙ ከካውንቲው ዘጠኝ ወረዳዎች ከየራሳቸው፣ ሦስቱ ደግሞ ከመላው ካውንቲ ይመረጣሉ። ካውንቲው ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ስላለው አንዱ ወረዳ በአማካይ ከ120 ሺህ ሰው በላይ ይይዛል። እንግዲህ ባለቤትዎ «ትንሽ» ያሉት የፍራንኮኒያ የቦርድ መቀመጫ የስቴቱ ምክር ቤት ወዳለበት ዋና ከተማ፣ ወደ ሪችመንድ፣ ከሚያስገባው መቀመጫ ይልቅ ብዙ በር የሚያስንኳኳ ነው። ቦርዱ የሚያጸድቀው ዓመታዊ በጀትም 4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው።

ለቦርዱ ያደላሁት የተነሡበት ጉዳይ ያለው እዚያ ስለሆነ ነው። የፌዴራሉ ሕግ ልጅ በእንግሊዝኛ ድጋፍ ክፍል ሲመደብ ትምህርት በተጀመረ በ30 ቀን ውስጥ ለወላጅ እንዲነገረው፣ ያም በተቻለ መጠን ወላጁ በሚረዳው ቋንቋ እንዲሆን ያዛል፤ ወላጁ ድጋፉን አልፈልግም የማለት መብትም አለው። የእርስዎ ልጅ ለሦስት ዓመት ሲቆይ ያ ማስታወቂያ የት ቀረ? ይህን ጥያቄ ለሱፐርኢንቴንደንቱ፣ ማለትም ለካውንቲው ትምህርት ቤቶች የበላይ ኃላፊ፣ በይፋ አቅርቦ መልስ የመጠበቅ ሥልጣን ያለው ሱፐርኢንቴንደንቱን የሚቀጥረው ቦርድ ነው። ነገር ግን ከወዲሁ ልብ ይበሉ፤ አንድ የቦርድ አባል ብቻውን ርእሰ መምህር ማዘዝ፣ አስተማሪ ማዛወር ወይም የአንድን ልጅ ክፍል መቀየር አይችልም። ቦርዱ ፖሊሲ ያወጣል፣ በጀት ያጸድቃል፣ የትምህርት ቤቶችን ወሰን ይወስናል፤ ይህንንም የሚያደርገው በድምፅ ብልጫ ነው። ከተመረጡ ማግስት ስልክዎ የሚጮኸው ግን «ልጄን ከዚያች አስተማሪ አስወጪልኝ» በሚሉ ወዳጆች ነው፤ ያን ጊዜ የሚሰጡትን መልስ ዛሬ ያዘጋጁ።

ሌላም ነገር አለ፤ በቨርጂኒያ የትምህርት ቦርድ ግብር የመጣል ሥልጣን የለውም። በጀቱን አዘጋጅቶ ለካውንቲው የበላይ ቦርድ፣ ሱፐርቫይዘርስ ለምንላቸው ሰዎች፣ «ይህን ያህል ስጡኝ» ብሎ ይጠይቃል። ሪችመንድ ደግሞ የስቴቱን ድርሻ ይወስናል፤ ለቋንቋ ተማሪዎች በስቴቱ ገንዘብ ስንት መምህር ሊመደብ እንደሚገባም በሕግ ይደነግጋል። የሕግ አውጪው ምክር ቤት የራሱ የኦዲትና ግምገማ ኮሚሽን በ2023 ባወጣው ጥናት የቨርጂኒያ ትምህርት ቤቶች ለአንድ ተማሪ የሚያገኙት ገንዘብ ከ50ው ስቴቶች አማካይ 14 በመቶ ያነሰ መሆኑን አረጋግጧል። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ከመሠረቱ ስተዋል አልልም፤ የገንዘቡ አንዱ ምንጭ በእርግጥ ሪችመንድ ነው። ሆኖም ስለ መምህራን ቁጥር ሪችመንድ ገብቶ አሳማኝ ንግግር የሚያደርግ ሰው አስቀድሞ አራት ዓመት በዚያ በጀት ላይ ያመሸ ሰው ቢሆን ይሻላል።

የኑሮውንም ነገር ያስሉት። ሁለቱም ምርጫዎች የሚካሄዱት በአንድ ቀን፣ ኖቬምበር 2 ቀን 2027 ነው። የቦርዱ ዘመን አራት ዓመት ሲሆን የተወካዩ ሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ ተወካይ ሆኖ የተመረጠ ሰው የመጀመሪያውን ፖስተር አንሥቶ ሳይጨርስ ሁለተኛውን ይለጥፋል። የተወካይነቱ ደመወዝ ለረጅም ዓመታት 17,640 ዶላር ሆኖ ቆይቷል፤ በየዓመቱም በብርዱ ወራት ለሳምንታት፣ በጥንድ ቁጥር ዓመታት ለ60 ቀን ያህል፣ ሥራንና ቤትን ትቶ ሪችመንድ መክረም ያስፈልጋል። ላቦራቶሪዎ ይህን ፈቃድ ይሰጥዎታል? የቦርዱ ሥራም ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን ስብሰባው ማታ ማታ ነው፤ አድረው የሚነሡትም ከቤትዎ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ስጋትዎ ልምጣ፤ ወንበር የያዘን ሰው ተፎካክሮ ማሸነፍ ይቻላል ወይ? ይቻላል። ከኢትዮጵያ ከተሰደዱ ወላጆች በሱዳን ተወልዶ በሲያትል አካባቢ ያደገው ግርማይ ዛሂላይ በ2019 ለኪንግ ካውንቲ ምክር ቤት ሲወዳደር ከፊቱ የነበሩት ላሪ ጎሴት ወንበሩን ለሩብ ምዕተ ዓመት የያዙ፣ በሲቪል መብት ትግል ታሪካቸው የሚከበሩ አዛውንት ነበሩ። ያም ሆኖ አሸነፈ፤ በ2025 ደግሞ የመላው ካውንቲ አስተዳዳሪ ሆኖ ተመረጠ። ለእርስዎ ጥያቄ የበለጠ የሚቀርበው ግን የራሳችን ስቴት ታሪክ ነው። በኒውፖርት ኒውስ ከተማ የትምህርት ቦርድ አባል የነበሩት ሼሊ ሳይመንድስ በ2017 በሃውስ ኦፍ ዴሌጌትስ ወንበር ላይ የነበሩትን ዴቪድ ያንሲን ተፎካከሩ። በመጀመሪያው ቆጠራ ያንሲ በ10 ድምፅ መሩ፤ ድጋሚ ሲቆጠር ሳይመንድስ በ1 ድምፅ በለጡ። በማግሥቱ ሦስት ዳኞች አንዲት ወረቀት አነሡ፤ መራጩ የሁለቱንም ዕጩዎች ክብ አጥቁሮ በሳይመንድስ ክብ ላይ ሰረዝ ጨምሮበት ነበር፤ ዳኞቹ ለያንሲ ቆጠሯት። ሁለቱ እኩል 11,608 ሆኑ። ጃንዋሪ 4 ቀን 2018 የሁለቱ ስም በፎቶ ፊልም ቆርቆሮ ውስጥ ተደርጎ፣ እንደ ዕቁብ ዕጣ ከአንድ የሸክላ ሳህን ወጣ፤ የወጣውም የያንሲ ነበር። ምክር ቤቱን የትኛው ፓርቲ እንደሚመራ የወሰነው ያ ዕጣ ነው። ሳይመንድስ በ2019 ተመልሰው ተወዳደሩና አሸነፉ። ዕጣው በወጣበት ዕለት ሌሊት እንቅልፍ ያጡ ሰዎች ሁሉ ያላንኳኩትን አንድ በር ሲቆጥሩ እንዳደሩ አልጠራጠርም።

«እኛ ከኋላሽ አለን» ስላሉት ሽማግሌዎች ግን በግልጽ መናገር አለብኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ወዳጄ የዕጩነት ፊርማ ለማሰባሰብ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከአንድ የእንጀራና የቅመማ ቅመም መደብር በር ቆሜ ነበር። ሰዉ በደስታ ፈረመ፤ አንዳንዱም «ኮራንባችሁ» እያለ ቡና ገዛልን። ማታ ስሞቹን ከመራጮች መዝገብ ጋር ስናስተያይ ከግማሽ በላዩ ወደቀ። አንዱ ከሜሪላንድ እንጀራ ሊገዛ የመጣ ነው፤ ሌላው ግሪን ካርድ ነው ያለው፤ ሌላዋ ዜጋ ናት፣ ግን ተመዝግባ አታውቅም። ብዙዎቹ ደግሞ «አሌክሳንድሪያ» ብለው ጽፈዋል፤ በእኛ አካባቢ ፖስታው «አሌክሳንድሪያ» የሚላቸው ብዙ ቤቶች ያሉት በፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ መሆኑን፣ የአሌክሳንድሪያ ከተማ ነዋሪ ደግሞ የራሱ የሆነ ሌላ የትምህርት ቦርድ እንዳለው ራሱ ፈራሚውም አያውቅም። ያን ማታ የተማርኩት ነገር ጭብጨባ የፖስታ አድራሻ እንደሌለው ነው። በቨርጂኒያ ለሁለቱም መቀመጫዎች የሚያስፈልገው በዚያው ወረዳ የተመዘገቡ 125 መራጮች ፊርማ ነው፤ እርስዎ ግን 200 ይያዙ። ፊርማው ከምርጫው ዓመት ጃንዋሪ 1 በፊት መሰብሰብ አይጀመርም፤ እያንዳንዱ ሰው የሚፈርመው ወረቀቱን ባዞረው ሰው ፊት ነው፤ ያዞረው ሰው ደግሞ ኖተሪ ፊት ቃሉን ይሰጣል። ወረቀቱን ዕድር ውስጥ ትቶ «ፈርማችሁ መልሱልኝ» ማለት አይቻልም።

ስለዚህ ወገኖቻችን የመጀመሪያዎቹ ፈቃደኞችዎ ይሁኑ እንጂ የድምፅዎ ሒሳብ በእነርሱ ላይ ብቻ አይቆም። በወረዳዎ ውስጥ የኤልሳልቫዶር፣ የኮሪያ፣ የፓኪስታን ቤተሰቦች፣ ጡረታ የወጡ ወታደሮች፣ ልጆቻቸው ትምህርት ጨርሰው የሄዱ አዛውንቶች አሉ። የልጅዎ ታሪክ የሳልቫዶሯም እናት ታሪክ ነው፤ እርስዋም ወረቀቱን ያገኘችው ቦርሳ ስታጸዳ ሊሆን ይችላል። ጡረተኛው ግን ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ የለውም፤ እርሱ የሚጠይቅዎት ግብሩ የት እንደሚሄድ ነው፤ ያን ጊዜ የበጀቱን መጽሐፍ ያላነበበ ዕጩ በር ላይ ይቀልጣል።

ስለ ፓርቲ ድጋፍም እንዳይታለሉ። የቦርዱ ምርጫ በወረቀት ላይ ፓርቲ የለውም፤ ከስምዎ አጠገብ ምንም አይጻፍም፤ ፕራይመሪ የሚባለው የፓርቲ ቅድመ ምርጫም የለም። በተግባር ግን ሁለቱም ፓርቲዎች ድጋፋቸውን ለአንድ አንድ ሰው ይሰጣሉ፤ በምርጫው ዕለት ከጣቢያው ደጅ የቆሙ ፈቃደኞች የሚያድሉት የናሙና የምርጫ ወረቀት ላይ የሚወጣውም ያ ስም ነው። በፌርፋክስ በ2019ም በ2023ም 12ቱንም መቀመጫዎች ያሸነፉት ዴሞክራቶቹ የደገፏቸው ዕጩዎች ናቸው። ይህን የማነሣው ይህን ፓርቲ ያዙ፣ ያንን ይተዉ ለማለት አይደለም፤ ድጋፉን የሚሰጡት የአካባቢው የፓርቲ ኮሚቴ አባላት በመሆናቸው ሰዎቹን በምርጫው ዓመት ሳይሆን ዘንድሮ እንዲያውቋቸው ነው። ያለ ድጋፍ መወዳደርም መብት ነው፤ መንገዱ ግን ዳገት ነው። አስቀድመው የሚጠይቁት አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ አሁን ያሉት የፍራንኮኒያ ተወካይ በ2027 ይወዳደራሉ ወይስ ይተዋሉ? ይህን ከሰው ወሬ ሳይሆን ከራሳቸው ይስሙ። ቀጠሮ ይዘው፣ ቡና ጠጥተው፣ ጉዳይዎን ነግረዋቸው፣ ምን እንደሚመልሱ ይዩ። የሚተዉ ከሆነ ግማሹ ዳገት ወረደ፤ የሚቀጥሉ ከሆነም በኋላ በመድረክ ላይ በአክብሮት ለመሞገት ያስችልዎታል።

በገንዘቡ ነገር እኛ ሐበሾች በየዋህነት የምንሳሳትባቸው ነገሮች ስላሉ ትንሽ ልቆይበት። ቨርጂኒያ በስቴትና በአካባቢ ምርጫ ለሚሰጥ መዋጮ ጣሪያ የላትም፤ ሆኖም የሰጪው ማንነት መመዝገብ አለበት፤ ከ100 ዶላር በላይ የሰጠ ሰው በዝርዝር ይገለጻል። እንደ ለቅሶ ቤት ሳህን አዙሮ የተሰበሰበ፣ ስም የሌለው ገንዘብ ገንዘብ ያዥዎን ራስ ምታት ውስጥ ይከታል። አዲስ አበባ ያሉት ወንድምዎ በፍቅር የሚልኩት 500 ዶላር ደግሞ ጭራሽ ክልክል ነው፤ የፌዴራሉ ሕግ የውጭ ዜጋ ለማንኛውም የአሜሪካ ምርጫ፣ ለስኩል ቦርድም ቢሆን፣ ገንዘብ እንዳይሰጥ ያግዳል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ግን መስጠትም ማገልገልም ይችላል። ከ1954 ጀምሮ ባለው ሕግ መሠረት ከግብር ነፃ የሆኑ የበጎ አድራጎትና የሃይማኖት ድርጅቶች ዕጩን መደገፍ ስለማይፈቀድላቸው ካህኑ ከቅዳሴ በኋላ «ልጃችንን ምረጡ» እንዲሉልዎ አይጠይቁ፤ የዕድሩ ካዝናም ዕድሩ በምን ሕግ እንደተቋቋመ ሳይጣራ አይነካ። የዘመቻውን ሒሳብ ከቤትዎ ሒሳብ ለይተው በተለየ የባንክ ደብተር ይክፈቱ፤ ለገንዘብ ያዥነት ደግሞ ያቺን የዕድራችሁን ጸሐፊ፣ ለአሥር ብር ደረሰኝ የምትጠይቀዋን ሴት ይለምኑ፤ በየዕድሩ አንዷ አትጠፋም። በኔቫዳ ምክር ቤት በ2018 የተመረጠው ትውልደ ኢትዮጵያዊው አሌክሳንደር አሰፋ በ2021 ጃንዋሪ መቀመጫውን የለቀቀው ስለ ነዋሪነቱና ስለ ዘመቻ ገንዘቡ ምርመራ ተነሥቶ ሳለ ነው። በዚያን ጊዜ አንገቱን የደፋው እርሱ ብቻ አልነበረም።

ፈቃደኞችዎ «ተመዝገቡ» እያሉ ሲዞሩ አንድ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሳያውቅ ቢመዘገብና ድምፅ ቢሰጥ ዜግነት ከመከልከል አልፎ ከአገር ሊያስወጣው ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ «ዜግነት ወስደዋል ወይ?» ይሁን፤ ጥያቄውም ጮክ ብሎ በሰው መካከል ሳይሆን ለብቻ፣ በዝግታ ይጠየቅ። ዜጋ የሆኑ ግን እንግሊዝኛ ማንበብ የሚቸግራቸው እናቶችና አባቶች ደግሞ ሌላ ችግር አለባቸው፤ የፌዴራሉ የምርጫ ሕግ በሌላ ቋንቋ ወረቀት እንዲዘጋጅ የሚያስገድደው ለስፓኒሽ፣ ለእስያና ለአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ቋንቋዎች ብቻ ስለሆነ አማርኛ ምንም ያህል ተናጋሪ ቢኖረው በዚህ ሕግ አይገባም። ነገር ግን ማንበብ የማይችል መራጭ ከአሠሪውና ከሠራተኛ ማኅበሩ ወኪል በቀር የመረጠውን ሰው ይዞ ገብቶ መታገዝ ይችላል። ልጁ፣ ጎረቤቱ ወይም የልጅ ልጁ ይግባለት፤ እርስዎ ራስዎ ግን አይግቡ፤ ዕጩ በመራጭ ወረቀት ላይ ጎንበስ ብሎ መታየት የለበትም።

አንድ ጥያቄ በእርግጠኝነት ይመጣብዎታል፤ የሚመጣውም ከእኛው ሰው ነው፤ «ስለ አገር ቤቱ ጉዳይ አቋምሽ ምንድን ነው?» ይባላሉ። በ2021 የቨርጂኒያ ገዥ ምርጫ አንዳንድ ወገኖቻችን የዋሽንግተንን የኢትዮጵያ ፖሊሲ በመቃወም የሪፐብሊካኑን ዕጩ ግሌን ያንግኪንን ሲደግፉ ክርክሩ ዕድርና ቤተ ክርስቲያን ድረስ ዘልቆ እንደነበር ያስታውሳሉ። ገዥ የውጭ ፖሊሲ አያወጣም፤ የስኩል ቦርድ አባልማ ከቶ አያወጣም። መልስዎ አጭርና ለሁሉም አንድ ይሁን፤ «የምወዳደረው ስለ ልጆቻችን ትምህርት ነው» ይበሉና ወደ አውቶቡሱና ወደ ክፍሉ ይመለሱ። ለአንዱ ወገን በግል የተንሾካሾኩት ነገር እስከ ማታ በሌላው ቴሌግራም ላይ ይወጣል።

ስለ አክሰንትዎ ብዙ አልጨነቅም፤ በዚህ ካውንቲ በየሁለተኛው በር የሚከፍትልዎት ሰው የራሱ አክሰንት አለው። የሚያስጨንቀኝ ርዝመት ነው። እኛ ሰላምታ ስንጀምር የቤተሰቡን ጤና ጠይቀን፣ ስለ አየሩ አውርተን ነው ወደ ጉዳይ የምንገባው፤ በር ላይ ያለው ሰው ግን ድስት ጥዶ የመጣ ነው። ስምዎን፣ የት እንደሚኖሩ፣ ልጅዎ ሦስት ዓመት ሙሉ የት እንደነበር ሳያውቁ መቆየትዎን፣ ለቦርዱም የሚወዳደሩት ለዚሁ መሆኑን በአራት ዐረፍተ ነገር ይናገሩና ዝም ብለው ይጠብቁ። ያ ዝምታ ይከብዳል፤ ነገር ግን ሰውዬው የራሱን ነገር የሚያወጣው በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው። የነገረዎትን ከአጥሩ ሳይርቁ በማስታወሻ ይያዙ፤ ስልክ የሰጠዎትን ሰው በሳምንቱ ይደውሉለት።

እስከ ጃንዋሪ 2027 ድረስ ፊርማ የለም፤ ስለዚህ ያለዎትን ጊዜ ቦርዱ በሚሰበሰብባቸው ምሽቶች ያውሉት። ስብሰባው ብዙውን ጊዜ ሐሙስ ማታ ነው፤ ለሕዝብ አስተያየት ተመዝግበው የተፈቀደልዎትን ጥቂት ደቂቃ ስለ 30 ቀኑ ማስታወቂያ ይናገሩበት፤ ሲናገሩም ያንን ከቦርሳው ያገኙትን ወረቀት ይዘው ይቅረቡ። ብቻዎን አይሂዱ፤ ያስተረጎሙላቸውን እናቶች፣ ሐበሻ ያልሆኑትንም ጭምር፣ ይዘው ይሂዱ። ከሦስት ስብሰባ በኋላ ሁለተኛ ደብዳቤ ይጻፉልኝና ስንቶቹ እናቶች በሦስተኛው ምሽት እንደመጡ ይንገሩኝ፤ ፊርማ የሚያዞሩልዎት እነዚያው ናቸው። የማስገቢያው ቀነ ገደብ ካልተለወጠ ጁን 15 ቀን 2027 ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው።